ከሩቅ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ አራት ቻርጆች

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የፊዚክስ መምህራችን በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የሌለ ነገር አስተማሩን። "ይህን የሚማሩት የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ናቸው" አሉ፤ "ግን መደመርና ማካፈል የሚችል ሰው ይገባዋል።" ከዚያ ሰሌዳው ላይ መልቲፖል ኤክስፓንሽን ብለው ጻፉ። ከኋላ አንድ ተማሪ "ወይ ጉድ!" ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልተቆጡም። ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከግቢው አጥር ባሻገር በጉብሬ በኩል ያሉት የገበሬ ቤቶች ከነጓሯቸው ይታያሉ።

"ያቺን የቆርቆሮ ቤት አያችኋት? ጓሮዋ ውስጥ ስንት እግር እንሰት አለ?"

"ከዚህ ሆነን አይቆጠርም፣ መምህር" አለ አንዱ።

"እሺ አትቁጠሩ። ብዙ ነው ትንሽ?"

"ብዙ ነው።"

"ይኸው አንደኛው ቁጥር። ወደየት በኩል ይበዛል?"

"ወደ ግራ!"

"ሁለተኛው። ቤቱን ዙሪያውን ከቦታል ወይስ እንደ አጥር ተዘርግቷል?"

ይህኛው ላይ ተከራከርን። ግማሻችን ከቦታል አልን፣ ግማሻችን ተዘርግቷል። መምህሩ ክርክሩን ደስ ብሏቸው ሰሙና "ሦስተኛው ቁጥር ትንሽ ቀረብ ማለት ይፈልጋል" አሉ። "ልብ በሉ፤ አንድም እንሰት ሳትቆጥሩ ስለዚያ ጓሮ ብዙ ነገር ነገራችሁኝ። አንድ በአንድ ልቁጠር ያለ ሰው ገና ከግቢው በር አልወጣም።"

ወደ ሰሌዳው ተመልሰው ስለ ቻርጅ ነገሩን። አንድ ቻርጅ በአንድ ቦታ ላይ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል ለማወቅ የቻርጁን መጠን እስከዚያ ቦታ ባለው ርቀት እናካፍላለን፤ ከዚያ በአንድ ቋሚ ቁጥር እናባዛለን። ቻርጆቹ አራት ከሆኑ አራት ጊዜ አካፍሎ መደመር ነው። ሚሊዮን ከሆኑስ? ያኔ ሩቅ ላይ ቆሞ እንደ እንሰቱ ማየት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ደምሮ አንድ ቦታ ላይ እንደ ተቀመጡ ማሰብ፤ ይህ ሞኖፖል ይባላል። ቀጥሎ ወደየት እንደሚያደሉ ማየትና ማስተካከል፤ ይህ ዳይፖል ነው። ከዚያ እንዴት እንደ ተዘረጉ ማየትና እንደገና ማስተካከል፤ ይህ ኳድሩፖል ነው። በራቅን ቁጥር ማስተካከያዎቹ እያነሱ ይሄዳሉ፤ በጨመርናቸው ቁጥር ደግሞ ወደ እውነተኛው መልስ እንቀርባለን።

ያን ቀን በደስታ ደብተሬን ሁለት ገጽ ሞላሁ። ሰው ይህን አስቦ ማግኘቱ ያስገርመኝ ነበር፤ አሁንም ያስገርመኛል። የማናውቀውን እንደማናውቅ እያመንን፣ ስንት እንዳጎደልን እያወቅን ወደ እውነቱ መጠጋት የሚቻል አይመስለኝም ነበር። ቡታጅራ በተማርኩበት ትምህርት ቤት መልስ ማለት ወይ ትክክል ነው ወይ ስህተት ነው። "ይህን ያህል ቀርበናል" የሚባል መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ የቡድን ሥራ ተሰጠን። በየቡድኑ አራት አራት ሆነን አራት ቻርጆችን አንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ተቀበልን። የመስመሩ ርዝመት አራት ሴንቲሜትር ነው። ከግራው ጫፍ ሃያ ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ርቆ አንድ ነጥብ አለ። በነጥቡ ላይ ያለውን ፖቴንሻል በሦስቱ ደረጃዎች ገምተን፣ በመጨረሻ ከትክክለኛው ድምር ጋር እንድናነጻጽር ታዘዝን። ወረቀቱን ካስረከብን በኋላ መምህሩ ከአራታችን አንዱን ይጠራሉ፤ የተጠራው ያለ ወረቀት ሰሌዳ ላይ ያስረዳል፤ እሱ ያገኘውን ውጤት ሁላችንም እናገኛለን።

እኔ የቡድኑ መሪ ሆኜ ተመረጥኩ። የተመረጥኩት ማስመሪያና ሁለት ዓይነት እስክሪብቶ ስለምይዝ ይመስለኛል። ሁለቱ ወንዶች አንዱ የወልቂጤ ከተማ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ እንደ እኔው ከቡታጅራ የመጣ ጸጥ ያለ ልጅ ናቸው። አራተኛዋ ከጉንችሬ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ስትናገር ቃላቱን አንድ በአንድ መርጣ ታስቀምጣለች። በመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ሰሞን ታይፎይድ ይዟት ተኝታ ስለነበር ውጤቷ ወርዷል። ይህን የሰማነው ከራሷ ነው። ቡድኑ በተመሠረተ ቀን ገና ወንበር ስባ ሳትቀመጥ ነገረችን፦

"እኔ ዋርኒንግ ላይ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ካልተነሳልኝ ወደ ቤቴ ነው። ከእኔ ጋር መሆን የማትፈልጉ ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ አልቀየምም።"

የወልቂጤው ልጅ "እኛም ብንሆን ያን ያህል አሪፍ አይደለንም፣ ቁጭ በይ" አላት። ሳቀችና ተቀመጠች።

እኔ ግን ነገሩ በልቤ ቀረ። እንድትወድቅ አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር በእሷ ምክንያት እኛም እንድንወድቅ አልፈለግሁም። ስለዚህ ሥራውን ስከፋፍል በጣም ተጠነቀቅሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቻርጅ ሰጠሁ፤ ወደየት እንደሚያደሉ ለማወቅ የሰጠሁትን ቻርጅ ከመስመሩ ጫፍ ካለው ርቀት ጋር አባዝቶ ያመጣልኛል፣ እኔ ደምሬ በንጹህ እገለብጣለሁ። ለጉንችሬዋ ልጅ በግራው ጫፍ ላይ ያለውን ሰጠኋት። እሱ ጫፉ ላይ ስለሆነ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ በምንም ቢያባዙት ዜሮ።

"አንቺ ይህን ያዢ፤ ሥራ የለበትም" አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። "ዜሮ ሰጠሽኝ።"

"ቀላል እንዲሆንልሽ ብዬ ነው።"

"ገብቶኛል፣ ሊደር" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉም ሊደር ይሉኝ ጀመር።

ለሁሉም አንድ ደንብም አወጣሁ፦ "እያንዳንዱ ሰው ለቻርጁ ከሚቀርበው ጫፍ ይለካ። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ስህተትም ይቀንሳል። ቻርጁ ከምትለኩበት ጫፍ በግራ ከሆነ ርቀቱ ላይ ኔጌቲቭ ምልክት አድርጉ።" ይህን ሳስብ በጣም የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። የሴቶቹ ማደሪያና የወንዶቹ ማደሪያ የተለያየ ስለሆነ በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ቻርጆች እኛ ሴቶቹ ይዘን፣ በቀኝ በኩል ያሉትን እነሱ ይዘው ተለያየን።

"ትንሽ ቁጥር፣ ትንሽ ጭንቀት! ሊደራችን አንደኛ ናት" አለ የወልቂጤው ልጅ እየሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ቁጥሩን አመጣልኝ። ቻርጆቹ ፖዘቲቭ ሁለት፣ ኔጌቲቭ አንድ፣ ፖዘቲቭ አንድ፣ ፖዘቲቭ አንድ ናቸው፤ ከግራው ጫፍ በዜሮ፣ በአንድ፣ በሦስትና በአራት ሴንቲሜትር ርቀት ተቀምጠዋል፤ ድምራቸው ሦስት። ሦስት ለሃያ ሲካፈል 0.15። ቋሚውን ቁጥር ለመጨረሻ አቆየነው። ሁለተኛው ደረጃ፣ ያባዛነው ተደምሮ ሁለት ጊዜ ለሃያ ሲካፈል፣ 0.005 ቀነሰና 0.145 ሆነ። ሦስተኛው ደረጃ፣ በርቀቱ እንደገና አባዝተን ለሃያ እንደገና ስናካፍል፣ ዜሮ ወጣ። በሰማያዊ ጻፍኩት፣ ርዕሶቹን በቀይ አሰመርኩ፣ ዙሪያውን በማስመሪያ ክፈፍ ሠራሁለት። የቀረኝ ትክክለኛውን ድምር ማስላትና ማነጻጸር ብቻ ነበር። ወረቀቱ የሚገባው በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ጠዋት እጨርሰዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ስደርስ የጉንችሬዋ ልጅ ቀድማኝ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ።

"ሊደር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማስተካከያ ማለት ወደ እውነቱ የሚያቀርብ አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ።"

"የኛው አራቀን።"

ወረቀቱን ገፋ አደረገችልኝ። አራቱንም ቻርጆች አንድ በአንድ በየርቀታቸው አካፍላ ደምራቸዋለች። 0.1687። የኛ የመጀመሪያ ግምት 0.15 ነበር፤ ከማስተካከያው በኋላ 0.145። መቅረብ ሲገባን ወደ ኋላ ሄደናል።

"ይህን መቼ ሠራሽው?"

"ሥራ የለሽም ብለሽኝ የለ? ሥራ ስላልነበረኝ ሠራሁት።"

አልተሳለቀችብኝም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። እኔ ግን ያን ክፈፍ የተሠራለትን ወረቀቴን አየሁት።

"ምናልባት ቁጥር ስናጠጋጋ ይሆናል" አልኳት።

"በማጠጋጋት እንዲህ አይርቅም።"

ቀጥዬ ያልኩትን ባልጽፈው እወድ ነበር። "ንጽጽሩን ብንተወውስ?" አልኳት። "የቀረው ሁሉ አምሯል። ረስተነው ነው እንላለን።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ነገ እኔን ቢጠሩኝስ? ሰሌዳው ላይ ቆሜ ምን ልበል? ትክክሉን አውቄ ተውኩት ልበል?"

"አንቺን ላይጠሩ ይችላሉ።"

"አንቺንም ቢጠሩሽ ያው ነው፣ እህቴ።"

ይህቺ ልጅ ከሁላችንም በላይ የምታጣው አላት። ወረቀቱ አምሮ ቢገባና ሌላ ሰው ቢጠራ ሊያልፍላት ይችል ነበር፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ግን ስለ ዕድሏ አልነበረም የምታስበው። ቁጥሮቹን ነበር የምታየው። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ቆየችና በድንገት አቆመች።

"የወልቂጤው ልጅ ስንት አመጣ? ለመጨረሻው ቻርጅ?"

"ዜሮ። ቀኙ ጫፍ ላይ ነዋ።"

"እኔስ?"

"አንቺም ዜሮ።"

"በመካከላችን አራት ሴንቲሜትር አለ። አንድ መስመር ላይ ሁለት ዜሮ እንዴት ይኖራል?"

ጥፋቱ እኔ ያወጣሁት ደንብ ነው። እያንዳንዱ ከሚቀርበው ጫፍ ይለካ ያልኩት እኔ ነኝ። ቻርጁን ብቻ ስንደምር ችግር አልነበረውም፤ ከየትም ብንለካ ሦስት ሦስት ነው። ወደየት ያደላሉ ብለን ስንጠይቅ ግን ግማሻችን ከግራ፣ ግማሻችን ከቀኝ ሆነን እየመለስን ነበር።

እሷ ደግሞ ነገሩ ሲገባት ፊቷ በራ። "አባቴ ጎጆ ቤት ይሠራል" አለችኝ። "መጀመሪያ መሃል ላይ ችካል ይተክላል። ገመድ ያስርበትና የግድግዳውን ዙር ይለካል። ሠራተኞቹ አሥርም ይሁኑ አምስት፣ ሁሉም ከዚያች ችካል ነው የሚለኩት። አንዱ በራሱ ችካል ከለካ ግድግዳውና ጣሪያው አይገናኝም።" ከዚያ ትንሽ አሰበችና "የኛ ችካል ግን የግድ መሃል ላይ መሆን የለበትም፤ አንድ ይሁን እንጂ" አለች።

ወንዶቹን ደወልኩላቸው። ሲመጡ ገና ጉዳዩን ሳልጨርስ የወልቂጤው ልጅ ግንባሩን መታ። "እኔኮ ዜሮ ሲወጣልኝ ደስ ብሎኝ ኳስ ልጫወት ነው የሄድኩት!" ጸጥተኛው ልጅ ደግሞ ከቡድኑ ሥራ ሁሉ የማስታውስለትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ "የኔ ኔጌቲቭ ምልክት ገርሞኝ ነበር፤ ግን ሊደር ያለችው ነው ብዬ ተውኩት።" ይህቺ ከስድብ በላይ ተሰማችኝ።

ሁሉንም ከግራው ጫፍ ለካን። ሁለተኛው ደረጃ 0.015 ጨመረና 0.165 ሆነ። ሦስተኛው 0.003 ጨምሮ 0.168። ትክክለኛው 0.1687 ነው። የጉንችሬዋ ልጅ የመጨረሻውን ድምር ስታነብልን የወልቂጤው ልጅ "ወይኔ፣ እንዴት ደስ ይላል!" ሲል የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በጠረጴዛ ላይ አንኳኩ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ደግሞ አፍሬያለሁ። በሦስት ቀላል ቁጥሮች እዚያ ድረስ መቅረብ መቻላችን ይገርማል፤ ቁጥሮቹ እንዲያ የሚታዘዙት ግን ከየት እንደምንለካ ስንስማማ ብቻ ነው።

እንደገና በንጹህ ለመገልበጥ ጊዜ አልነበረም። የድሮውን ቁጥር ሰርዤ ከጎኑ አዲሱን ጻፍኩ። ክፈፉ ተበላሸ። "የመጀመሪያውንም ስህተት ከታች ጻፊው" አለችኝ። "ለምን እንደ ተሳሳትን ይወቁት።" እንዲህ የተሰረዘ ወረቀት በሕይወቴ ለመምህር ሰጥቼ አላውቅም። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አስረከብነው።

በማግስቱ የእኛ ተራ ሲደርስ መምህሩ ወረቀታችንን አገላበጡ፣ ስማችንን በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ተከተሉና ቀና አሉ። "አንቺ" አሏት። የጉንችሬዋን ልጅ።

ስትነሳ ወንበሯ ጮኸ። በእንግሊዝኛ ጀመረች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከተናገረች በኋላ ቃል አጣች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አለ። መምህሩ ወደዚያ ሳይዞሩ "በአማርኛ ቀጥዪ፤ ቻርጆቹ ቋንቋ አይመርጡም" አሏት።

አማርኛውንም ቢሆን ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ግን ያ ቀስታ ያን ቀን ሁሉም እንዲከተላት አደረገ። መስመሩን ሳለች፣ አራቱን ቻርጆች አስቀመጠች፣ ከግራው ጫፍ ላይ ወፍራም ነጥብ አደረገች። "የምንለካው ከዚህ ነው፤ ሁላችንም" አለች። ከ0.15 ተነስታ 0.168 ደረሰች። አንድም ቁጥር አልረሳችም።

መምህሩ እጃቸውን አጣጥፈው "ጥሩ" አሉ። "እኔ ግን ከቀኙ ጫፍ መለካት ነው የሚያምረኝ። ተሳስቻለሁ?"

ይህ ጥያቄ ወረቀታችን ላይ የለም። ማናችንም አልሠራነውም። የወልቂጤው ልጅ "አለቀልን" ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ። እሷ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

"አላውቅም፣ መምህር" አለች። "ሠርቼ ልይ?"

"ሥሪ።"

ከቀኙ ጫፍ ከተለካ ነጥቡ የሚርቀው አሥራ ስድስት ሴንቲሜትር ነው። ሦስትን ለአሥራ ስድስት አካፈለች፤ 0.1875። "በዛ" አለች ለራሷ። ከዚያ እያንዳንዱን ርቀት ከነምልክቱ ጻፈች፣ አባዛች፣ ደመረች። ሁለተኛው ደረጃ ቀናሽ ሆነ፤ 0.164 ደረሰች። ሦስተኛው ጨመረ፤ 0.170 ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ጠመኔ የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ወደ እኛ ዞረች።

"ከግራ ስንነሳ አነሰን፣ ጨመርን። ከቀኝ ስንነሳ በዛብን፣ ቀነስን፣ ትንሽ መልሰን ጨመርን። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄዱት። እርስዎ አልተሳሳቱም፣ መምህር። ግን ከጀመሩ በኋላ ወደ ግራ መዝለል የለም።"

ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም ሳቁ። "አልዘልም" አሏት። ከዚያ ወረቀታችንን አንስተው ከታች ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። "ይህን ስህተት ያገኘው ማን ነው?"

"ቡድናችን" አለች።

ያን ጊዜ ሳላስበው ተነሳሁ። "እሷ ናት ያገኘችው። የተሳሳተውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ንጽጽሩንም እንተወው ብዬ ነበር።"

መምህሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ተቀመጪ፤ ማንም አልከሰሰሽም" አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ ግን ሙሉ ውጤቱን ጽፈው ለእሷ በእጇ ሰጧት።

የቡድን ሥራው ብቻውን ዋርኒንግ አያነሳም፤ የሁሉም ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና ገና ይቀረን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የማጠናው ከእሷ ጋር ሆነ። ሌሎቹ "ሊደር ተማሪ ሆነች" ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ያላወቀችውን አላውቅም ትላለች፣ ከዚያ ወዲያው ወረቀት ትስባለች። እኔ አላውቅም ማለት የሚከብደኝ ሰው ነኝ፤ ከእሷ ጋር ሆኜ ትንሽ ተለማመድኩት።

ውጤት የወጣው ለክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ነው። ወልቂጤ መናኸሪያ ቆመን ነበር። የእሷ ስልክ ኢንተርኔት አይከፍትም፤ በእኔ ስልክ መለያ ቁጥሯን አስገባን። ገጹ ሲከፈት ስልኩን ሰጠኋት፤ ቀድሜ ማየት አልፈለግሁም።

ገጹን በጣቷ እየገፋች እስከ ታች አነበበችው። "ተነስቷል" አለች በመጨረሻ። እንደገና ከላይ ጀምራ እያንዳንዱን ትምህርት አነበበችው።

ወያላው "ጉንችሬ! ጉንችሬ! የቀረው አንድ ሰው ነው!" እያለ ይጮኻል። ሻንጣዋን አንስታ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣች።

"የዲፓርትመንት ምርጫ የሚሞላው መቼ ነው ያሉት?"

"ስንመለስ።"

"እኔ ፊዚክስ ነው የምሞላው" አለች፤ "አንቺም እሱኑ ሙዪ፣ እንዳትፈሪ።" ከዚያ ወያላውን "ቆይ፣ መጣሁ!" ብላ ሮጠች።